በሆድሽ ጸልዪ

ረቡዕ ማታ

ይህን ደብተር የገዛሁት የስብከት ማስታወሻ ልይዝበት ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «እምነት ማለት» ብዬ ጽፌ እዚያው ቀርቷል። መጋቢያችን ሲናገሩ ይፈጥናሉ፣ የእኔ እጅ ደግሞ ከካውያ ጋር እንጂ ከእስክሪብቶ ጋር አልተላመደም። ወረቀቱ ከሚባክን የራሴን ጉዳይ ልጻፍበት። ማን ያየዋል።

ዛሬ የእህቶች ጸሎት ነበር። እንዲህ ያለ ጸሎት ከስንት ጊዜ አንዴ ነው የሚገኘው! ተራዬ ደርሶ ስቆም ጉሮሮዬ በራሱ ተከፈተ። መጀመሪያ ለታመሙት፣ ቀጥሎ መንገድ ላይ ላሉት፣ ቀጥሎ ሥራ ላጡት። ጓደኛዬ ልብስ ሰፊዋ ጋ ስደርስ እንባዬ ቀደመኝ። እሷ አልነበረችም፣ የመዘምራኑን ጋውን ለማድረስ ሱቋ ውስጥ ተቀብራ ነው የምትውለው። ስሟን አልጠራሁም። «በመርፌዋ ልጇን የምታሳድገውን እህታችንን አስባት፣ ጡቷ ላይ የወጣባትን አንተ ታውቃለህ፣ ከልጇ ደብቃ ብቻዋን የተሸከመችውን አንተ ታውቃለህ» ነው ያልኩት። ቤቱ ተናወጠ። ወይዘሮ አሜን ወለሉ ላይ ተንበረከከች። (ስሙን ያወጣንላት እኛ ነን፣ የጸሎቱ ዓረፍተ ነገር ሳያልቅ አሜን ስለምትል።) የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ እንኳ፣ ያቺ ኮስታራዋ፣ መሐረቧን አወጣች።

ስንወጣ እጄን እየያዙ «አንቺ ሴት፣ ጸጋ አለሽ» አሉኝ። እኔስ ምን አለኝ፣ የእሱ ነው እንጂ። ግን አሜኑ! እስከ ቤቴ ድረስ ጆሮዬ ላይ ነበር።

ሐሙስ

ትላንት ያልጻፍኩትን ልጻፍ።

የነገረችኝ ባለፈው ሳምንት ነው። የተተኮሰ ጨርቅ ላደርስላት ሱቋ ገብቼ፣ ልብስ መለኪያው መጋረጃ ጀርባ ጎትታ አስገባችኝ። ስፒሎቹን በከንፈሯ እንደያዘች ነው የምታወራው፣ ሁልጊዜ እንደዚያ ነች፣ ስንት ዓመት አንድ ቀን ትውጪዋለሽ ስላት ሰምታኝ አታውቅም። እጄን ይዛ አስነካችኝ። እንደ ባቄላ ይሆናል ብዬ ነበር። አይደለም፣ ይበልጣል።

«ሐኪም አይቶታል?»

«አይቶታል። ሆስፒታል ግቢና ይቆረጥ ብሎኛል። ልጄ ፈተናዋን ትጨርስ፣ ከዚያ እገባለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ ፈተና ይጠብቃል፣ ይሄ...»

«አይጠብቅም። ይህችን ፈተና ካላለፈች እንደ እኔ ማሽን ላይ ታረጃለች። ለማንም እንዳትናገሪ። ለአንቺ ብቻ ነው።»

«ከዚህች መጋረጃ አይወጣም» አልኳት። ምዬላታለሁ ማለት ይቻላል።

ለጌታ መንገር ደግሞ ለሰው መንገር አይደለም። እንዲያማ ከሆነ ጸሎት የሚባል ነገር ሊቀር ነው።

ቅዳሜ

የሆቴሉ አንሶላ በአንድ ጊዜ ላውንደሪ መጣ። እግሬ አብጧል። አንዷ ማጠቢያ ማሽን ቆማለች፣ የጥገና ሠራተኛው መጥቶ ደበደባትና ሄደ። ሰፊዋ ጋ ብቅ ልል አስቤ ሳይሆንልኝ ቀረ። ነገ ቸርች አገኛታለሁ።

እሁድ

አልመጣችም። ጋውኑ ይዟት ነው።

ሰኞ

የልጅቷ ፈተና ዛሬ ጀመረ። ካውያዬን ይዤ ቆሜ ጸለይኩላት። ለእሷ ስጸልይ ሸሚዙን አቃጠልኩ ብል ማን ያምነኛል። ትንሽ ነው፣ ከኮሌታው ስር። አይታይም።

ማክሰኞ

ምን ብዬ ልጻፍ።

ከሰዓት ቁልፍ ሠሪው መጣ፣ ከሰፊዋ ሱቅ ጎን ያለው። የሚተኮስ ልብስ ኖሮት አያውቅም። ደጃፍ ላይ ቆሞ «እትዬ፣ ምን አድርገሽ ነው?» አለኝ።

«ምን አደረግሁ?»

«እኔ ምን አውቄ። ልጅቷ እየሮጠች መጣች። እናትዬዋ ጮኸች። ያንቺን ስም ሰማሁ። ከዚያ ሱቁ ተዘጋ።»

ካውያውን ነቅዬ ሄድኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ረቡዕ ማታ ቤቷ ገብታ ለልጇ «ያቺ የሰፊዋ ልጅ አብራችሁ አይደል የምትፈተነው? እናቷ በጠና ታማባታለች፣ እሷ አታውቅም፣ አይዞሽ በያት» ትላታለች። ልጅም ልጅ ነው፣ በእረፍት ሰዓት ሄዳ አቅፋ «አይዞሽ፣ እናትሽ ትድናለች፣ እኛ ቤት በየማታው እየጸለይንላት ነው» ትላታለች። ይኸው ነው። ክፉ የተናገረ ሰው የለም። ልጅቷ እስክሪብቶዋን እንኳ ሳትይዝ ከግቢው ወጣች። የከሰዓቱን ፈተና አልተቀመጠችም። ቁጭ ብላ የለፋችበት ሒሳብ ነበር።

ስገባ ሰፊዋ ማሽኗ ጋ ተቀምጣለች። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ እያወጣች የስፒል ትራሱ ላይ ሰካቻቸው። እስክትጨርስ አላየችኝም።

«ስምሽን አልጠራሁም» አልኳት።

«በመርፌዋ ልጇን የምታሳድግ አልሽ አሉ። እዚህ ሰፈር ስንት አለን?»

«በጸሎት ነው እኮ!»

«እኔ የነገርኩት ለአንቺ ነው።»

«እኔም የነገርኩት ለእግዚአብሔር ነው!»

«እሱማ ያውቅ ነበር» አለችኝ።

ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣች፣ ዓይኗ አብጧል። ይህችን ልጅ ስትወለድ ከነደሟ የታቀፍኩ እኔ ነኝ። አፏን የፈታችው «አክቴ» ብላ ነው፣ አክስቴ ማለት አቅቷት። ዛሬ «እባክዎ ይሂዱልን» አለችኝ።

እባክዎ።

ረቡዕ

ጸሎት አልሄድኩም። ራሴን አመመኝ።

ሐሙስ

ባለቤቴን ነገርኩት። ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ውሎ እግሩን ውሃ ውስጥ ከቶ ነበር። መጀመሪያ ሳቀ። «አንቺ እኮ ስትጸልይ ጌታን የደነቆረ ታስመስዪዋለሽ» አለ። ከዚያ እግሩን ከውሃው አውጥቶ እያደረቀ «ያን ጊዜ የእኔን የመጠጥ ነገር የጸለይሽው ትዝ ይልሻል? ተሳፋሪው ሁሉ ለሳምንት ትንፋሼን ሲያሸት ነበር» አለኝ።

«ተውከው እኮ!»

«ተውኩት። አሁን እሱን መች አልኩ።»

ስንት ዓመቱ ነው። ዛሬ ነው የሚነግረኝ።

ዓርብ

መጋቢያችን ዘንድ ሄድኩ። የተሰበረ አግዳሚ ወንበር ሲመቱ አገኘኋቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳኋቸው፣ ስሟን እንዳልጠራሁ፣ መንፈስ እንደገፋፋኝ፣ የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ለልጅ መናገር እንዳልነበረባት። ሚስማር በእጃቸው ይዘው ሰሙኝ።

«ይቅርታ ጠይቀሻታል?»

«አስረድቻታለሁ።»

«አይ፣ እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ።»

ወደ ሚስማራቸው ተመለሱ። ተናድጄ ነው የወጣሁት። የበግ እረኛ የተባለ ሰው እንዲህ ነው የሚያጽናናው?

ረቡዕ

ሄድኩ። ቢቀርብኝ ይሻል ነበር።

ሻሼን ላስተካክል መታጠቢያ ቤት ገብቼ ከውጭ ሲያወሩ ሰማሁ። «ለእሷ ምንም አትንገሯት፣ ጌታ ሳይሰማ ገበያው ይሰማል» አለች አንዷ። «እሷ እኮ አትጸልይም፣ ዜና ነው የምታነበው» አለች ሌላዋ። ሳቁ። እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ሌላ ሰው ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ጥሩ ቀልድ ነው። የውሃውን ቧንቧ ከፍቼ ቆየሁ።

ተራዬ ሲደርስ ቆምኩ። አፌን ከፈትኩ። ስለ ማን ልበል? የማን ጉዳይ ነው የራሴ? ስለ አየሩ ጸለይኩ። ዝናቡ መልካም ይሁን አልኩ። ወይዘሮ አሜን ብቻዋን አሜን አለች።

ሰኞ

ቁልፍ ሠሪው በትልቅ ከረጢት ጋውኖቹን አመጣቸው። «ለቸርች ስጥልኝ ብላ ነው፣ ለእትዬ አላለችም» አለ፣ ደግሞ አፈረ። አንዱ ጎድሏል፣ ያልተጠናቀቀው እሷ ጋ ቀርቷል።

ቀኑን ሙሉ ስተኩሳቸው ዋልኩ። የሌላ ሰው ልብስ እየተኮስኩ አርጅቻለሁ፣ የእሷን ስፌት ግን በጨለማ እለየዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ጠርዛቸው እንደተሰመረ ነው። ወደ መጨረሻዎቹ ስደርስ ስፌቱ ይርቃል፣ ይጠማዘዛል፣ አንድ ቦታ ተፈትቶ እንደገና ተሰፍቷል። በቀኝ እጅ በኩል ነው የወጣባት። እጇን ማንሳት ሲያቅታት እያየሁ ነበር ማለት ነው እዚያ ጨርቅ ላይ። እንፋሎቱ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

ሐሙስ

ሆስፒታል ገባች። ቁልፍ ሠሪው ነው የነገረኝ። ልጅቷ ናት በግድ ያስገባቻት።

ወይዘሮ አሜን ልብስ ልትወስድ መጥታ ይህንኑ ስትሰማ እጇን አጨበጨበች። «አየሽ! አንቺ ባትናገሪ እስከ ፈተናው ማብቂያ ልትደብቀው አልነበር? አፍሽ ነው በጊዜ ያስገባት። ለበጎ ነው፣ ለበጎ!»

አቤት ደስ ሲለኝ። ቃሉን እንደ ከረሜላ አፌ ውስጥ ይዤው ዋልኩ። ዛሬ እተኛለሁ።

ዓርብ

ራሴን ነው የምለው፣ አልነገርኩሽም አንቺ ሴትዮ! አፍሽን ዝጊ አልነገርኩሽም!

ሆስፒታል ሄድኩ። ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ቴርሞስ ይዛ ቆማለች፣ ከስታለች። ቀዶ ጥገናው ተደርጎላታል፣ ግን ሐኪሙ በሽታው ወደ ሌላም ቦታ ሄዷል ብሏል። ቀድሞም ሄዶ ነበር፣ እናትየዋ መጀመሪያ የታየች ቀንም ሳይሄድ አልቀረም። ይህን ሁሉ ድምጿን ሳታነሳ ነገረችኝ፣ «እርስዎ» እያለች። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «አይዞሽ፣ ለበጎ ነው» አልኳት።

አየችኝ። «ፈተናዬም ለበጎ ነው?» አለችና ቴርሞሱን ይዛ ገባች። በሩ ቀስ ብሎ ነው የሚዘጋው፣ ራሱ የሚዘጋ በር ነው። እስኪገጥም ድረስ ቆሜ አየሁት።

ቅዳሜ

ቤት ውስጥ ተቀምጬ አሰብኩ። ብዙ ጊዜ አላስብም፣ እናገራለሁ እንጂ።

ያን ረቡዕ ቆሜ ስጸልይ ሌሎቹ ሁሉ ተናግረው ነበር። የአንዷ ልጅ ጉንፋን፣ የአንዷ አከራይ። ማንም አላለቀሰም። እኔ ግን ምን እንደያዝኩ አውቅ ነበር። ሳልቆም በፊት አውቅ ነበር።

ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እሁድ

ሄድኩ። ልጅቷ ልብስ ልትቀይር ከሆስፒታሉ ወጥታ ስለነበር ሰተት ብዬ ገባሁ። ሰፊዋ ግድግዳውን ተደግፋለች፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራለች፣ አልጋዋ ላይ ያ የቀረው ጋውን ተዘርግቷል። አየችኝ።

ጠየቅኳት። አላስረዳሁም። ስሟን አልጠራሁም አላልኩም። የመድኃኒት ቤቷን ሴትዮ አላነሳሁም። «በድዬሻለሁ፣ ይቅር በዪኝ» አልኩ፣ ይኸው ነው፣ ሌላ አልጨመርኩም። ይህችን አጭር ነገር ለማለት ያን ሁሉ ሳምንት ምን ይዞኝ እንደነበር አላውቅም።

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። ጋውኑን ወደ ራሷ ሰብስባ «ተቀመጪ» አለች። ተቀመጥኩ።

«እንዳትጸልዪ ግን።»

«እሺ።»

«መርፌውን ክር አስገቢልኝ። ዓይኔ እንቢ ብሏል።»

ክር አስገባሁላት። ጠርዙን በእጇ ሦስት ጣት ያህል ሰፍታ ደከማት። ሌላ መርፌም አዘጋጀሁላት፣ ለነገ።

ረቡዕ

ወደ እህቶች ጸሎት ሳይሆን ወደ እሷ። መርፌ ክር አስገባለሁ። ስለ ድሮው አውርተን ሳቅን፣ ያን የሙሽራ ቀሚስ ጀርባውን በፊት አድርጋ የሰፋችውን። «ሙሽራዋ አላወቀችም እኮ» ትላለች። ሳቋ ያማታል፣ ትራሱን ደረቷ ላይ ይዛ ነው የምትስቀው።

ልጅቷ ሰላም አለችኝ። «እንደምን ዋሉ» ነው። ይሁን።

ማክሰኞ

ነርሷ የሕመም ማስታገሻውን፣ ሞርፊኑን፣ ጨምራለች። ጋውኑ ጥቂት ስፌት ቀርቶታል። እኔ ልጨርሰው ብላት «ያንቺ እጅ ከካውያ ሌላ አይችልም» ብላ ሰደበችኝ። ደስ አለኝ፣ ሰደበችኝ!

ዓርብ

ዛሬ ከሰዓት በዝናቡ መሐል «ነይ» አለችኝ። ተጠጋሁ። ልጅቷ የሐኪሙን ወረቀት ማኅተም ልታስመታ ወርዳ ነበር።

«አሁን ጸልዪ» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። እጇን አፌ ላይ አደረገች። ቀላል እጅ፣ ከጨርቅ የቀለለ።

«በሆድሽ። በሆድሽ ጸልዪ።»

በሆዴ ጸለይኩ። እንዲህ ጸልዬ አላውቅም። ማንም አሜን የማይልበት ጸሎት መጨረሻው የት እንደሆነ አይታወቅም፣ ዝም ብሎ ይቀጥላል። ዓይኔን ስገልጥ እያየችኝ ነበር።

«ጨረስሽ?»

«አላውቅም።»

«ጥሩ» አለች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ሳበችኝና አንድ ነገር ነገረችኝ። ለልጇ ነው። «አሁን አይደለም። አሁን ከነገርሻት ሁሉን ትታ እሱን ነው የምታስበው። ያንን ፈተና ዳግም ትቀመጣለች። ጨርሳ ስትወጣ ደጃፍ ላይ ቆመሽ ጠብቂያትና ንገሪያት። እስከዚያ ለማንም።»

«ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?» አልኳት። «ለእኔ?»

«ሌላ ማን አለኝ፣ አንቺ ሞኝ» አለችኝ።

እሁድ

ንጋት ላይ አረፈች። ልጇ እጇን ይዛት ነበር።

ሰኞ

ቀበርናት። የመዘምራኑ ጋውን ነጭ ነው፣ በዝናቡ ሁሉም ረጠበ፣ ያን ሁሉ ተኩሼ።

መጋቢያችን ጨርሰው «አንዲት እህት ትጸልይ» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፣ እነዚያ መታጠቢያ ቤት ደጃፍ የሳቁት ሳይቀሩ። የዘወትር ሥራዬ ነው፣ ማንም ለቅሶ ላይ እንደ እኔ አይጸልይም። ወጣሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስለ እሷ የማውቀው ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ቆመ፣ ያ የሙሽራ ቀሚስ፣ ስፒሎቹ፣ ያ ከባቄላ የሚበልጠው ነገር። ዝናቡ ጃንጥላዎቹን ይመታል። ሰው ሲያስል ይሰማኛል። ብዙ ቆየሁ መሰለኝ፣ ባለቤቴ ክንዴን ሊይዘኝ ተጠግቶ ነበር። በመጨረሻ «አሜን» አልኩና ተመለስኩ። ወይዘሮ አሜን ምን ላይ አሜን እንደምትል ጠፍቷት አፏን እንደከፈተች ቀረች።

ከቀብር መልስ ከበቡኝ። «መጨረሻ ላይ አንቺ ነበርሽ አሉ አጠገቧ። ምን አለች? የተናዘዘችው ነገር የለም?»

«ደክማ ነበር» አልኳቸው።

ቅዳሜ

ልጅቷ ላውንደሪ መጣች። ጋውኑን በወረቀት ጠቅልላ ይዛዋለች። የቀረውን ስፌት ራሷ ጨርሳዋለች፣ ጠማማ ነው፣ እኔ እንኳ አልሰፋው እንደዚያ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«አክስቴ፣ ተኩሺልኝ» አለችኝ።

ተኩሺልኝ። ጆሮዬ ልክ ይሁን አይሁን ፈርቼ ቀና አላልኩም። ካውያውን ማሞቅ ጀመርኩ። ውሃ ረጨሁ። ጠማማውን ጠርዝ ቀስ ብዬ፣ የእሷና የእናቷ ስፌት የሚገናኙበት ላይ ደግሞ ዝም ብዬ ተጫንኩት። አጠገቤ ቆማ ታያለች።

«ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ለሚቀጥለው ዓመት ተመዝግቤያለሁ» አለች።

«ጎበዝ።»

«አክስቴ።»

«ወይ።»

«እማዬ ነግራሻለች አይደል? አክስትሽ የምትነግርሽ ነገር አለ አለችኝ። ምን እንደሆነ አልነገረችኝም።»

ካውያውን አቆምኩት። እንዴት እንደምታየኝ! የእናቷ ዓይን ነው፣ ያው ቁርጥ እሷን። እዚያው አፌ ላይ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ብላት ትጽናና ነበር፣ ታቅፈኝ ነበር፣ አብረን እናለቅስ ነበር። ምን ይጎዳል አለኝ ሆዴ። ይህን ሆዴን አውቀዋለሁ።

«ፈተናሽን ጨርሰሽ ስትወጪ» አልኳት።

«አክስቴ! አንቺ? አንቺ እስከዚያ ልትችዪ?»

ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ተሰበረና ጋውኑ ላይ አለቀሰች፣ የተኮስኩትን አረጠበችው። እንደገና ተኮስኩት።

ማታ ባለቤቴ «ምን አለችሽ ሰፊዋ?» አለኝ፣ እንደ ዋዛ። እራት አቀረብኩለት።

እዚህም አልጽፈውም።